የገኒማ እጅ ከትሪው ላይ

ገኒማ ጨጓራዋን በቀዶ ሕክምና ካስቀነሰች ወራት አልፈዋል። በኩዌት ፈይሃ ሰፈር ይህን ያስደረገ ሰው የሌለበት ቤት ጥቂት ነው፤ ስለዚህ ማንም ጉድ አላለም። ሐኪሙ ያዘዛትን ሁሉ ፈጽማለች፤ መጀመሪያ መረቅ ብቻ፣ ቀጥሎ የላመ የላመ፣ አሁን ደግሞ እንደ ሰው፣ ግን በጥቂቱ፣ አላምጦ አላምጦ፣ ከምግብ ጋር ውኃ ሳይጠጡ። አንድ ቀን ተስገብግባ ቁራሽ ዳቦ ዋጥ ብታደርግ ደረቷ ላይ ተሰንቅሮ አሳሯን አሳያት፤ ከዚያ ወዲህ ታዛዥ ሆናለች። ደስታውስ? ጉልበቷ ማቃሰቱን ተወ። እሷም ከስንት ዘመን በኋላ ወለል ላይ እግሯን አጥፋ ተቀመጠች።

ችግሩ የመጣው በአርብ ምሳ ነው።

እናታቸው ካረፈች ወዲህ አርብ አርብ ከስግደት በኋላ እህቶቿ የሚሰበሰቡት ታላቂቱ ገኒማ ቤት ነው። ሩዙ በትልቅ ትሪ ቀርቦ ዙሪያውን ከበው በእጅ ይበላሉ። የቤቱ ትልቅ እጁን ካነሣ ሌላውም አፍሮ ይተዋል። ስለዚህ ባለቤት እንግዳው እስኪጠግብ እጁን አያነሣም። ገኒማ በደህናው ዘመኗ ለዚህ የተፈጠረች ነበረች። ከሕክምናው በኋላ ትሪው ጋር በቀረበችበት በመጀመሪያው አርብ ግን፣ «ሲሞላ አቁሚ» ያላትን ሐኪም ብቻ አስባ፣ ከጥቂት ጉርሻ በኋላ እጇን አነሣች። እህቶቿም ተራ በተራ «አልሐምዱ ሊላህ» እያሉ ተነሡ። ትሪው እንደ ተቆለለ ወደ ማድ ቤት ተመለሰ።

ልጇ ወስሚያ ምስጢር አይቋጠርላትም።

«እማዬ፣ አክስቶቼ ከዚህ ወጥተው የት ሄዱ መሰለሽ? ሻዋርማ ቤት! አክስቴ ሙዲ ብቻዋን ሁለት ዋጠች።»

ገኒማ ሳቀች፤ ግን እንደ ተቆለለ የተመለሰውን ትሪ አስታወሰች። በሚቀጥለው አርብ ታናሺቱ ጠይባ ራሴን አመመኝ ብላ ቀረች። ከዚያ ሙዲ ደወለች፤ ታላቅ እህቷን የምትጠራት «የዳሪ እናት» እያለች በበኩር ልጇ ስም ነው።

«ኡም ዳሪ፣ ለምን እናስቸግርሻለን? ምሳችንን በየቤታችን በልተን ለሻይ ብንመጣስ?»

ለሻይ! ሻይ ጠጥቶ ሰው ይበተናል። እናቷ የተወችላት አርብ በእሷ ጨጓራ ሊፈርስ ነው። ሰው ወይ ጤናውን ወይ ወገኑን ምረጥ ሲባል ምን ይላል?

«ምሳ ነው» አለች። «ያልመጣች እህቴ አይደለችም።»

ለራሷ የላመ እንዲሆንላት ብላ ሱቦር የሚባለውን አሳ አሠራች። ሱቦር ሥጋው ቅቤ ነው፤ እሾሁ ግን እንደ ፀጉር የበዛና የቀጠነ ነው።

ሙዲ ትሪውን ስታይ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። «ሱቦር? ከእሾሁ ጋር ስንታገል አንቺ ልትጨርሺ ነዋ!»

ገኒማ ጥቂት ጎርሳ ሞላት። የሁሉም ዓይን እጇ ላይ ነው። ልታነሣው ስትል ሙዲን አየቻት። መነጽሯን ረስታ ቁራጩን አፍንጫዋ ሥር አስጠግታ እሾህ ትፈልጋለች።

«አምጪው» አለች ገኒማ። ነጠቀቻት፣ በጣቷ እየዳበሰች ለቀመችው፣ ነጩን ሥጋ በሙዲ በኩል ሩዙ ላይ አኖረችው።

«እኔ ሕፃን ነኝ?» አለች ሙዲ። ግን ጎረሰችው። «... ሌላስ የለም?»

«ለእኔስ?» አለች ጠይባ።

ገኒማ ለጠይባ ለቀመች፣ ለወስሚያ ለቀመች፣ ተመልሳ ለሙዲ ለቀመች። እጇ ትሪው ላይ ስለሆነ ማንም አይነሣም፤ ከታላቅ እህት እጅ የመጣም አይመለስም። ወሬው ደራ። አሳው አልቆ ሌላ መጣ። ሙዲ ግድግዳውን ተደገፈች።

«ኡም ዳሪ፣ በአላህ ይሁንብሽ፣ እጅሽን አንሺልን! ልንፈነዳ ነው!»

«ገና ጅራቱ አለ።»

«ጨጓራሽን አስቆርጠሽ የእኛን ልትቀድጂ ነው?»

ወስሚያ በሳቅ ትሪው ላይ ልትደፋ ደረሰች። ጠይባ ዓይኗን በክንዷ አበሰች።

ሙዲ ግን እያቃሰተች ጎንበስ አለች፣ ከአሳው ጉንጭ ለስላሳ ሥጋ ቆንጥራ እሾሁን ፈልጋ አጣች፣ ወደ እህቷ አፍ ዘረጋች።

«አንቺንስ ማን ያጎርስሽ?»

በወሬው መሐል ጊዜው ሄዶ ለዚያች ጉርሻ የምትሆን ቦታ በጨጓራዋ ተገኝታ ነበር። ገኒማ አፏን ከፈተች፣ ቀስ ብላም አላመጠች።