አባዬ የከፈለው፣ እማዬ ያነሳችው

በደሴ ፒያሳ በረንዳዎች ሥር ሳልፍ በእግር የሚረገጥ የስፌት መኪና ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ቆም እላለሁ። ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት በኋላ፣ አባዬና እማዬ በአንድ የስፌት መኪና የሚተዳደሩ ልብስ ሰፊዎች ሳሉ፣ ጠዋት ጠዋት የሚቀሰቅሰኝ ያ ድምፅ ነበር። አባዬ እየለካ ይቆርጥ፣ እማዬ ትሰፋ ነበር፤ በመስከረም የተማሪ ዩኒፎርም ሲበረክት ደግሞ እየተፈራረቁ ይረግጡት ነበር።

ምን እንዳጣላቸው ዛሬም በቅጡ አላውቅም። አባዬ ኮምቦልቻ ወርዶ ሱቅ መክፈት ይፈልግ ነበር፣ እማዬ ከደሴ ንቅንቅ አልልም ትል ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ለልጅ አይነግሩም። መስቀል ሲያልፍ እህል ውሃቸው ማለቁን ሁለቱም አምነው ጎረቤታችንን ጋሽ ሰይድን ለሽምግልና ለመኑ። እሳቸው ሙስሊም፣ እኛ ክርስቲያኖች ብንሆንም የማንኛቸውም ዘመድ አለመሆናቸው ይበልጥ ተፈልጎ ነበር።

«ቤቱ የቀበሌ ነው፣ እናትና ልጅ ይቆዩበት» አሉ ጋሽ ሰይድ። «ዕቃውን አንተ ሁለት ቦታ ትከፍላለህ፣ እሷ ቀድማ ታነሳለች። ካነሳች በኋላ ማጉረምረም የለም፤ ወላሂ አልሰማችሁም።»

አባዬ ዕቃውን ሲያወጣና ሲያወርድ አረፈደ። በመጨረሻም የስፌት መኪናውን ብቻውን መስኮቱ ሥር አቁሞ፣ በሌላው ወገን አልጋውን ከነፍራሹ፣ ብርድ ልብሶቹን፣ ቁም ሣጥኑን፣ ቴፑንና ድስቱን ሁሉ ደረደረ። የደሴን ብርድ የምታውቅ፣ የስምንት ዓመት ልጅ የያዘች እናት የቱን እንደምታነሳ ለመገመት ነቢይ መሆን አያሻም ነበር። የስፌት መኪናው ለኮምቦልቻው ሱቅ መታሰቡ ለእኔም ገብቶኝ ነበር፤ እማዬ እሱን ካጣች ሰው ቤት ልብስ አጣቢ ልትሆን ነው ብዬ ፈራሁ። ጋሽ ሰይድም ገብቷቸዋል፤ ግን ደንቡን ያወጡት ራሳቸው ናቸውና እማዬን «አንሺ» አሏት።

እማዬ ዕቃውን ትታ አባዬን ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ሄዳ እጇን የስፌት መኪናው ላይ አሳረፈች።

«አልጋውስ፣ ልጄ?» አሉ ጋሽ ሰይድ ቀስ ብለው።

«አልጋ ልጄን አያበላልኝም፣ ጋሽ ሰይድ።»

«እንግዲያማ አብሽሪ፣ አይዞሽ» አሉና ዱአ አድርገው ተነሱ። አባዬ በማግሥቱ አልጋችንን አይሱዙ ላይ ጭኖ በሐረጎ ቁልቁል ወደ ኮምቦልቻ ወረደ።

በጋውን ገለባ በሞላንበት ማዳበሪያ ላይ ተኝተን ከረምን። ክረምት ሲገባ ቅዝቃዜው ከመሬቱ ወደ ጎናችን ይወጣ ስለነበር፣ እማዬ የደንበኛ ቁርጥራጭ ጨርቅ እየቀጣጠለች ድርብ ብርድ ልብስ ሰፋችልን። ትምህርት ሲዘጋ አባዬ ዘንድ ኮምቦልቻ እወርድ ነበር፤ በተከራየው የስፌት መኪና ሲሠራ አንድ ቀን፣ ዓይኑን ከጨርቁ ሳያነሳ «ለአንቺ ስትል አልጋውን ታነሳለች ብዬ ነበር» አለኝ። በእኔ ሊያጠምዳት ማሰቡን ለዓመታት ተቀየምኩት።

ባለፈው ወር እኔና ባለቤቴ ለመለያየት ተስማማን። ልጃችን ከሁለታችንም ጋር እየተመላለሰች ልትኖር፣ ንብረቱን ደግሞ በጋሽ ሰይድ ደንብ እኔ ልከፍል፣ እሱ ሊመርጥ ተነጋገርን። ሽማግሌ አልነበረንም፣ ወረቀትና እስክሪብቶ ብቻ ነበር። ባለቤቴ ልጃችንን ምን ያህል እንደሚወድ አውቃለሁና አልጋዋን፣ የጥናት ጠረጴዛዋንና የሳሎኑን ዕቃ ሁሉ በአንድ ወገን ጽፌ፣ በሌላው ወገን ቤቱን ብቻ አስቀመጥኩ። ጽፌ ስጨርስ መልሼ አነበብኩት፤ ቤቱ እንደዚያ የስፌት መኪና ብቻውን ቆሟል። ዕድሜዬን ሙሉ በእማዬ የወጣሁ ይመስለኝ ነበር። ወረቀቱን ቀደድኩና እንደገና መክፈል ጀመርኩ።