በአመድ የታጠበ መስታወት

ጎረቤታችን ገላው የሚስቱን ወንድም ሽታሁንን አጥብቆ የጠላው መስታወቱን ስለጫረበት ነው ወይስ ስለሳቀበት? ገላው ከሞጣ ቢቸና ሚኒባስ ይነዳል። ሽታሁን የሚኒባሱን የፊት መስታወት እንደ ድስት በአመድ ፈትጎ አጠበለት፤ የጠዋት ፀሐይ ሲያርፍበት ጭረቱ እያንጸባረቀ መንገዱን ጋረደበት። ሰኞ ማለዳ ካልወጣ ደግሞ የመናኸሪያ ተራውን ይነጠቃል።

እሑድ ገላው ግቢው ውስጥ የመብሻ ድሪል ጫፍ ላይ ጨርቅ አስሮ፣ የመስታወት ማለስለሻ ቀብቶ ጭረቱን ይፈትግ ጀመር።

"ጋሼ፣ አንድ ቦታ ላይ አታብዛ" አለው ሽታሁን።

"አንተ አመድህን ቃም!" ብሎ በንዴት እዚያው ላይ ተጫነ። ጭረቱ ጠፋ፤ መስታወቱ ግን ሰርጉዶ መንገዱን አጣሞ ያሳይ ጀመር።

"ጭረቱ የእኔ፣ ጉድጓዱ ያንተ!" ብሎ ሽታሁን ሳቀ።

በዚያ መስታወት መንዳት ስላልቻለ ሰኞ ተራው ለሌላ ሹፌር ተሰጠ። ሌሊቱን በንዴትና በተራው ሐሳብ ዓይኑን ያልከደነው ገላው፣ የሚጣደፍበት ሲያጣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ተኛ።