አበልጄ ያነሳችው ክሪስታል

አባቴ የባሕረ ሐሳብ መምህር ነበሩ። ላይ ጋይንት፣ ከንፋስ መውጫ በእግር የሁለት ሰዓት መንገድ ከምትርቅ ደብር ተቀምጠው በዓላትንና አጽዋማትን ሲያወጡ፣ ከጎናቸው ሆኜ የግዕዝ ቁጥር ለመድሁ። ዛሬ ከአገሬ ርቄ በላቦራቶሪ ስሠራ ደብተሬን የምሞላው በዚያው ቁጥር ነው። ለመደበቅ አይደለም። በግዕዝ ስጽፍ እጄ አይቸኩልም።

ሥራዬ የአንድ ባክቴሪያ ፕሮቲን ቅርጽ ማወቅ ነበር። ፕሮቲኑ ካልሲየም ይይዛል፤ በየት በኩል እንደሚይዘው ግን ያየ ሰው የለም። ለማየት መጀመሪያ ፕሮቲኑ ረግቶ ክሪስታል መሆን አለበት፤ ከዚያ ክሪስታሉ በኤክስሬይ ይመታል። የኔ አልረጋም አለ። ሁለት ዓመት ሙሉ ጠብታ ጥዬ በማግስቱ በማጉያ ሳይ፣ ያው እንደ ተበላሸ ወተት የተቋጠረ ነገር።

አብራኝ የምትሠራ የእስቴ ልጅ ነበረች፣ መካነ ኢየሱስ ያደገች። ሴት ልጇን በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ያነሳሁት እኔ ነኝና አበልጄ ናት። በባዕድ አገር አበልጅ ማለት ከእህት ይበልጣል። ደብተሬን እያየች ትቀልድብኝ ነበር።

«እናንተ ጋይንቶች ቁጥሩንም ታስቆርቡታላችሁ እንዴ?»

«እናንተ እስቴዎችስ? ከዐሥር በላይ መቼ ትቆጥራላችሁ?»

«በይ አስተምሪኛ!»

አስተማርኋት። በአውቶቡስ ስንመለስ፣ በጉም በተሸፈነው መስኮት ላይ በጣቴ እየጻፍሁ። ዐቢይ ጾም ሳይፈታ መቶ ደረሰች።

በኋላ እግዚአብሔር ፈቀደና ዘዴው ተገለጠልኝ። ካልሲየሙን ባንድ ጊዜ መጨመር ቀርቶ በጥቂት በጥቂቱ፣ በቀዝቃዛው ክፍል። ስንት ጠብታ፣ በስንት ቀን ልዩነት፣ ሁሉን ጻፍሁት። የመጨረሻዋን ጠብታ እንደ ጣልሁ ግን የአባቴ ሙት ዓመት ደረሰ፤ መሄድ ነበረብኝ።

«ተመልከቺልኝ እንጂ እንዳትነኪው» አልኋት። «መንቀጥቀጥ አይወድም። አደራ በሰማይ፣ አደራ በምድር።»

«በልጄ ይሁንብኝ! አንቺ አባትሽን አስቢ።»

ከተማ ዘመዶቼ ዘንድ ሁለት ሳምንት ሰንብቼ፣ ንፋስ መውጫ ከአውቶቡስ እንደ ወረድሁ ደወልሁላት።

«ወጣ ወይ?»

«ምንም የለ አበልጄ። ያው ነው።»

ከፍታቱ በኋላ የደብሩን አስተዳዳሪ «አባቴ፣ ሥራዬ እንዲቀናኝ በጸሎት ያስቡኝ» ብዬ ስሜን አስጻፍሁ። የሷንም የክርስትና ስም ጨመርሁ፤ አደራዬ በእጇ ነዋ።

ስመለስ የኃላፊያችን ክፍል ግድግዳ ላይ ትልቅ ሥዕል ተሰቅሏል። ፕሮቲኑ ተጣጥፎ፣ ካልሲየሙን እንደ ጭብጥ እህል ይዞ። ነገሩ ሳይገባኝ በፊት አማተብሁ፤ እንዲህ ያማረ የእግዚአብሔር እጅ ሥራ አይቼ አላውቅም።

«ጓደኛሽ በራሷ ዘዴ አወጣችው» አሉኝ ኃላፊያችን፣ ደስ ብሏቸው። ከሥዕሉ ግርጌ ያለው ቀን ከንፋስ መውጫ ከደወልሁበት ሦስት ቀን ይቀድማል።

ኮሪደሩ ላይ ያዝኋት።

«ስደውል ክሪስታሉ በእጅሽ ነበር።»

«ኀዘን ላይ ነሽ ብዬ ነው እኮ።»

«ስሜስ?»

«ለኅትመት ባዘጋጀሁት ጽሑፍ መጨረሻ፣ ምስጋናው ላይ አለሽ።»

የሁለት ዓመት ልፋቴ ምስጋና ሆነ። ሦስት ቀን ሙሉ የክርስትና ልጄን እናት መክሰስ ከበደኝ። በአራተኛው ቀን ደብተሬን ይዤ ኃላፊያችን ዘንድ ገባሁ። እሷንም አስጠሩና ገጹን ከፊቷ ዘረጉት።

«ይህን ማንበብ ትችያለሽ?»

ዓይኗ ከመስመሩ መጀመሪያ ተነሥቶ እስከ መጨረሻው ሄደ። ያን አነባበብ አውቀዋለሁ፤ የኔ ነው፣ ከኔ የወሰደችው።

«አልችልም» አለች። «የቄሶች ነገር ነው። እኛ አገር ማንም አይጽፍበትም።»

ከክሪስታሉ ይልቅ ይህ ወጋኝ። ውሸቱ እንኳ አልጠቀማትም፤ ኃላፊያችን የቁጥሩን ሰንጠረዥ ከኢንተርኔት አወጡና በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡት፤ እሷ የራሴ ካለችው ዘዴ ጋር አንድም ሳይጎድል ገጠመ። ጽሑፉ ሲታተም ስሜ ከፊት ገባ፣ የሷ ቀጥሎ። አገር ቤት ያሉት ዘመዶቼ «አበልጆቹ አብረው ስማቸው ወጣ» ብለው እልል አሉ። እኔም አላረምኋቸው።

እሑድ እሑድ ልጅቱን ለቁርባን የማቀርባት እኔ ነኝ፤ ክርስትና እናትነት በሥራ ቤት ጠብ አይሻርም። እናቷ ዓይኔን ሳታይ ታሳቅፈኛለች፤ እኔም ተቀብዬ እቀርባለሁ። ለጸሎት በምሰጠው ወረቀት ላይ የሷ ስም እስካሁን አለ፤ ላወጣው እጄ አልታዘዘም። ካህኑ እዚያ ሲደርሱ ግን «አሜን» ለማለት አፌ ይተሳሰራል፤ ቀጣዩ ስም እስኪነበብ ልጅቱን አጥብቄ ይዤ እቆማለሁ።