ሞተሩ ቀዝቃዛ ነው ያለችው መርፌ

የእህቴ ልጅ ዛሬ ጠዋት ያቺን አሮጌ ፒካፑን ይዞ ግቢዬ ገባና፣ «እትዬ፣ ይምጡማ ይዩልኝ!» አለ። ዳሽቦርዱ ላይ ጌጅ የሚሏቸውን አራት ክብ መለኪያዎች አስገጥሟል፤ ሰማያዊ መብራታቸው ዓይን ይወጋል። የዘይት፣ የሙቀት፣ የባትሪ፤ አራተኛዋ የምን እንደሆነች እሱም አያውቅ። የአዲሱ ፕላስቲክ ሽታ አፍንጫዬን መታው። ኤዲያ! በሃያ ዓመቴ እኔም በዚሁ በሽታ ተለክፌ ነበር።

እሱስ አይሰማኝም፤ አንተ ስማኝማ ልንገርህ። ከቴክኒክ ትምህርት ቤት ሰርተፍኬቴን ይዤ ደብረ ታቦር ስመለስ ከእኔ በላይ አዋቂ ያለ አይመስለኝም ነበር። አባቴ የአንድ ነጋዴ አሮጌ የጭነት መኪና ሾፌር ነበሩ። ዳሽቦርዷ ላይ ሥራውን የሚሠራ ነገር ቢኖር የማርያም ሥዕል ብቻ ነበር። አባቴ በጆሮና በአፍንጫቸው ነበር የሚነዷት። የጉና አቀበት ከመጀመሩ በፊት ጋሳይ ላይ ይቆሙና፣ ተሳፋሪውን ዝም አሰኝተው፣ ኮፈኑን ከፍተው፣ እንደታመመ ልጅ ግንባር ራዲያተሩን በመዳፋቸው ይዳስሱታል። መናኸሪያ ውስጥ ሌሎች ሾፌሮች ሳይቀሩ «አንዴ ያድምጡልን» እያሉ ይለምኗቸዋል። እኔ ግን አፍር ነበር። ሰርተፍኬት ያላት ልጅ አባቷ ሞተር ሲያሸት!

ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንዲሉ፣ ከባሕር ዳር ሦስት ጌጅ ገዝቼ መጣሁ። ነጋዴውም እንዲወራለት ይወድ ስለነበር «ግጠሚ» አለኝ። አንድ ሙሉ ቅዳሜ ያንን የዋህ ዳሽቦርድ ስበሳ፣ ሽቦ ስጎትት ዋልኩ። ሲያልቅ አባቴ መስታወቶቹን በጋቢያቸው ጫፍ ወልወል አደረጉና፣ «ያምራሉ። ግን ምን ይሉኛል?» አሉ።

«እውነቱን ይነግሩዎታል» አልኳቸው። በዚያ ድምፄ ዛሬም አፍራለሁ።

ሰኞ ጨው ጭነን ወደ ነፋስ መውጫ ተነሣን። ጋሳይ ላይ ሊቆሙ ሲሉ፣ «አባባ፣ የሙቀቷ መርፌ እያለች መዳሰስ ምን ይባላል? ሰው ይስቅብናል» አልኳቸው። ሳይቆሙ አለፉ። አቀበቱ አጋማሽ ላይ፣ ያ የጉና ብርድ በመስኮት እየገባ፣ «ልጄ፣ የጋለ ብረት ሸተተኝ፤ ልቁም» አሉ።

እኔ እቴ! «ይመልከቷት እንጂ፣ ቀዝቃዛ ናት!» አልኩ። እሳቸው የተመለከቱት ግን መርፌዋን ሳይሆን እኔን ነበር። ከዚያ ልጃቸውን አምነው ነዱ።

ሞተሩ አንዴ አጓርቶ ደርቆ ቀረ። የታችኛው የውሃ ቱቦ ተቀዶ፣ ውሃው ቀድሞ መንገድ ላይ ፈስሶ አልቋል። ያቺ ጌጅ የምትለካው የውሃውን ሙቀት ነው። ውሃው ሲያልቅ ጫፏ ባዶ ላይ ተንጠልጥላ፣ ብረቱ ከጎኗ እየነደደ «ቀዝቃዛ ነው» ትላለች። ይህን ትምህርት ቤት ነግረውኛል፤ ደብተሬ ላይ በቀይ አስምሬበታለሁ። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች አሉ፤ እኔ የአባቴን አጠብኩ።

ይሰማሃል? ይኸው ያ ወጠጤ የእህቴ ልጅ አሁንም ውጭ ሆኖ ፒካፑን ያስጓራታል።

ነጋዴው በሌላ መኪና ደርሶ፣ «ማነው ያቃጠላት?» ብሎ ጮኸ። አፌን ሳልከፍት አባቴ ቀደሙኝ፤ «እኔ ነኝ። ጆሮዬም አፍንጫዬም ደክሟል። ልጅቷማ ‹ይቁሙ› ብላኝ ነበር» አሉ።

እኔስ? ዝም። ነጋዴው ቁልፉን ከእጃቸው ተቀበለ። በሳምንቱ «የተማረች ልጅ» ብሎ እኔን የራሱ ጋራዥ ውስጥ መካኒክ አድርጎ ቀጠረኝ። ተቀጠርኩ እኮ! ከዚያ ወዲህ መናኸሪያ ውስጥ አባቴን «ያድምጡልን» ያላቸው ሰው የለም።

በእርጅናቸው ጋራዡ በር ላይ ከዘራቸውን ይዘው ፀሐይ ይሞቁ ነበር። አንድ ቀን አንድ የናፍጣ ሞተር እየተንገጫገጨ ችግሩ ጠፋብኝ። ሾፌሮች ከበውኛል። ያን ቀን የጉናውን እውነት ልናገር ቆርጬ፣ ሁሉም እየሰማ፣ «አባባ፣ እባክዎ ያድምጡልኝ» አልኳቸው።

«እኔ ደንቆሮ ምን እሰማለሁ? አንቺ እያለሽ!» አሉ ጮክ ብለው። ሾፌሮቹ ሳቁ። የቆረጥኩትን ነገር አፌ ውስጥ አስቀሩት።

እጃቸውን ግን አየሁት። ጣታቸው ከዘራው ላይ ከሞተሩ እኩል ትመታለች፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስተኛዋን ትዘላለች፣ አራት። ደግሞ አንድ፣ ሁለት፣ ትዘላለች።

ናፍጣ የሚረጨውን ሦስተኛውን ኖዝል ፈታሁት። እሱ ነበር።