ዝም ያሰኘኋት ዲ

በቀደም ጎንደር፣ ከቤቴ በታች ባለው ቁልቁለት ላይ አንድ የጭነት መኪና ቆሞ ከጎማው ሥር ጭሱ ሲትጎለጎል፣ ሽታው በመስኮት ገባና የልጄን የቤት ሥራ ከማይበት ወንበር አስነሣኝ። የተቃጠለ ፍሬን ሽታ ነው። ለሌላው ሰው አፍንጫ የሚያስይዝ ክርፋት ይሆናል፤ ለእኔ ግን የአባቴ ካፖርት ሽታ ነው። ልጄ «እማ፣ ደግሞ ምን ሆንሽ?» አለችኝ። ምንም አልሆንኩም፤ ይህ ሽታ በመጣ ቁጥር ተነሥቼ መንገድ መንገዱን ማየት ከልጅነቴ የተጠናወተኝ አመል ነው።

ያደግሁት ደባርቅ፣ ዋናው መንገድ ዳር ነው። አባቴ ሾፌር ነበር። ከጎንደር የጫነውን ይዞ ደባርቅ ይመጣና ከእኛ ጋር ያድራል፤ በማግስቱ ጉሙ ገለጥ ሲል ሊማሊሞን ወርዶ፣ በዛሪማና በአዲ አርቃይ አድርጎ እስከ ሽሬ ይዘልቃል። ጎረቤቶቻችን ስለ ገብስና ስለ በግ ሲጫወቱ እኛ ቤት ወሬው ሁሉ ፍሬን ነበር፤ ፍሬን ያዘ፣ ፍሬን ላላ፣ እገሌ እገሌ መታጠፊያ ላይ ፍሬን በጠሰ። እናቴ እንኳ ጠዋት ስትጸልይ ልጆቿን ለእመቤታችን አደራ ሰጥታ ስትጨርስ፣ እንዳይረሳባት ይመስል፣ ፍሬኑንም አደራ ትል ነበር።

የአባቴ ረዳት አያ ንጉሤ ይባላል። ረዳት ሲባል በር ላይ የሚንጠለጠል ጎረምሳ እንዳይመጣባችሁ፤ አያ ንጉሤ ጢሙ የሸበተ፣ ብርድ ሲነካው ግራ ጉልበቱ እምቢ የሚለው ሰው ነበር። ዋናው ሥራው ታኮ ነው። መኪናው ዳገት ላይ ሲቆም ዘሎ ይወርድና ያችን ከወይራ የተጠረበች ጉማጅ ከጎማው ኋላ ሸጉጦ፣ በተረከዙ ረገጥ አድርጎ ካጠበቃት በኋላ «ልቀቀው፣ ገብቷል!» ብሎ ይጮኻል፤ አባቴ ያን ድምፅ ሳይሰማ እግሩን ከፍሬን ላይ አያነሣም። የመኪናው ባለቤት «ይህን ሽማግሌ ለውጥና ቀልጣፋ ልጅ ያዝ» እያለ ይጨቀጭቀዋል። አባቴ እሺም እምቢም ሳይል ጉዳዩን ያንከባልለዋል።

እኔ ደባርቅ አራተኛ ክፍል የገባሁት በዓመቱ አጋማሽ ነው። ከዚያ በፊት ጥቂት ዓመት ዳባት አካባቢ ገጠር ከአክስቴ ጋር ነበርኩ፤ እዚያ የእንግሊዝኛ መምህራችን አንዴ ይመጣል፣ አንዴ ይቀራል፤ ስለዚህ ሌሎቹ ልጆች የጠገቡትን ቃል እኔ ገና አልቀመስኩትም ነበር። የደባርቁ መምህር ከማሠልጠኛ በቅርቡ የወጣ፣ ብርዳችንን ስላልቻለው ሹራብ በሹራብ ደርቦ የሚያስተምር ወጣት ነው። አዳዲሶቹን ቃላት ከነትርጉማቸው ሰሌዳ ላይ ይጽፍልናል፤ መጽሐፉ ለሁላችንም ስለማይዳረስ በተራ እየወሰድን ምንባቡን እቤታችን እናነባለን፤ ለቤተሰብ በአማርኛ አስረድተን በማግስቱ ለክፍሉ መናገር ነው። በዚያ ሳምንት ደግሞ እየተጻፉ የማይነበቡ ፊደሎች እንዳሉ ነግሮን ነበር። ቢላዋ በእንግሊዝኛ ስትጻፍ ኬ ከፊት ትጎለታለች፣ ግን ትንፍሽ አትልም። ይህ ነገር እጅግ ደስ አለኝ፤ ያላወቅሁትን ፊደል ሁሉ ዝም ማሰኘት ጀመርኩ።

መጽሐፉ ተራዬ ደርሶ እጄ የገባ ዕለት፣ እሳት ዳር ተቀምጬ ምንባቡን ስቆጥር አንድ ሰሌዳ ላይ ያልተጻፈ ቃል በየመስመሩ ይመላለሳል። ኤፍ፣ አር፣ አይ፣ ኢ፣ ኤን፣ ዲ። መጨረሻዋን ዲ ዝም አሰኘኋትና ቃሉ ወለል ብሎ ታየኝ፤ ፍሬን!

«አባዬ፣ ስለ ፍሬን የተጻፈ ምንባብ አለ» አልኩት።

«በእንግሊዝኛ? ይህ ሰውዬ ሊማሊሞን ሳያይ አልቀረም። በይ እስቲ አንብቢልኝ።»

አነበብኩለት። ጥሩ ፍሬን በመከራ ቀን አይተውህም። አባቴ ራሱን ነቀነቀ። ጥሩ ፍሬን ማግኘት ከባድ ነው። «ሐቅ ነው፤ ጎንደርን አስሼ አይደል ያገኘሁት!» አለ፤ ያን ሰሞን የገዛው አዲስ የፍሬን ሸራ ከነካርቶኑ በራችን ሥር ተቀምጦ መካኒክ ይጠብቅ ነበር፤ መካኒኩ ደግሞ ዛሬ ነገ እያለ ያመላልሰዋል። የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር «አዲስ አገኘሁ ብለህ አሮጌውን ፍሬን አትተው» ይላል። አባቴ ከት ብሎ ሳቀና አጠገቡ እሳት ወደሚሞቀው አያ ንጉሤ ዞረ።

«ንጉሤ፣ ሰማህ? መጽሐፉም ፈቀደልን። በዚሁ ደርሰን እንምጣና እንለውጠዋለን።»

«መጽሐፉ ሊማሊሞን ወርዶ ያውቃል ወይ?» አለ አያ ንጉሤ ጉልበቱን እያሸ። በማለዳ ወረዱ።

እኔ ክፍል ገብቼ እጄን ያወጣሁት ከሁሉ ቀድሜ ነው። ደረቴን ነፍቼ ጥሩ ፍሬን እንዴት እንደማይከዳ ሳስረዳ መጀመሪያ አንዱ ሳቀ፣ ከዚያ ክፍሉ ተናወጠ። መምህሩ ዕንባው እስኪመጣ ስቆ ሲያበቃ፣ «ፍሬንስ ጣሊያን መንገዱን ሲሠራ ጥሎልን የሄደው ቃል ነው። ይኼኛው ፍሬንድ ነው፤ ጓደኛ። ዲዋ ትነበባለች፤ ማን ነው ዝም በይ ያላት?» አለኝ። ሣቁ እንደገና ተነሣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ «ፍሬን» ሆነ። እኔ ግን ሣቁን የሰማሁት ከሩቅ ነው፤ አባቴ በእኔ ትርጉም ሊማሊሞን እየወረደ ነበር።

ከዚያ በኋላ መቀመጥ የሚባል ነገር አልሆነልኝም። ከትምህርት ቤት ስወጣ ቤት ሳልደርስ መንገዱ ከከተማው ወጥቶ ወደ ሊማሊሞ ወደሚታጠፍበት እሮጣለሁ፤ ጉም ከገደሉ እየወጣ ፊቴን ያረጥበዋል፣ ከጉሙ ውስጥ ሞተር ሲያጓራ እነሱ ናቸው እላለሁ፣ ሌላ መኪና ይሆናል፣ ያልፋል፣ ያ ሽታው ይቀራል፤ እመለሳለሁ፣ እቤት በር እስክደርስ ሌላ ጡሩንባ እሰማና እንደገና እሮጣለሁ። እናቴ «አንች ልጅ፣ ምን ያቁነጠንጥሻል?» ትለኛለች፤ እንዴት ብዬ ልንገራት? ምንባቡን በቃሌ ይዤው ስለነበር እንደ ጸሎት ደጋገምኩት፤ በፍሬን ቦታ ጓደኛ እያልኩ። እውነት ለመናገር ጓደኛ ሲገባበት ምንባቡ ቀዘዘብኝ። ሊማሊሞ ላይ ጓደኛ ማን ይፈልጋል? ያስፈራኝ ፍሬኑ ነው።

ይመጣሉ ከተባለበት ቀን አልፈው፣ በማግስቱ ከሰዓት፣ መኪናው ሰሊጥ ተጭኖ እያዘገመ ደጃችን ቆመ። እንደ ወትሮው ጡሩንባ አልነፋም። አያ ንጉሤ እጁን በሻሽ ጠምጥሞ፣ እግሩን እየጎተተ ወረደ፤ ታኮዋ ለሁለት ተሰንጥቃለች። አባቴ ደጃፉ ላይ ቁጭ እንዳለ ለእናቴ ነገራት። «ስንመለስ ዳገቱ ወገብ ላይ ሞተሩ ጠፋ። ፍሬን ብረግጥ ባዶ ነው። ወደ ኋላ ሲንሸራተት እኔ ማርያምን ስጠራ፣ ይኼ ሽማግሌ በዚያ ጉልበቱ ዘሎ…» ውኃ አምጭልኝ አለ።

ያን ጊዜ ነው ያፈነዳሁት። «አባዬ፣ ፍሬን አይደለም! ጓደኛ ነው የሚለው!» ማንም አልገባውም። እያለቀስኩ ምንባቡን ከላይ እስከ ታች አነበነብኩት፤ ጥሩ ጓደኛ በመከራ ቀን አይተውህም፣ ጥሩ ጓደኛ ማግኘት ከባድ ነው፣ አዲስ አገኘሁ ብለህ አሮጌውን ጓደኛ አትተው። አባቴ ውኃውን እንደያዘ ቀና ብሎ አያ ንጉሤን አየው። አያ ንጉሤ መሬት መሬት ያያል።

«አላልኩህም ንጉሤ?» አለ አባቴ፤ «ይህ መጽሐፍ ሊማሊሞን ያውቀዋል።»

በማግስቱ መካኒኩ በግድ ተጎትቶ መጣና የፍሬኑ ሸራ ተለወጠ። አያ ንጉሤ ግን አልተለወጠም። ባለቤቱ ጨቅጭቆ ጨቅጭቆ ሲደክመው ተወ።

ልጄ የማታውቀው ቃል ሲገጥማት ስልኬን ትነካካና ትርጉሙ ወዲያው ይወጣል፤ አትሳሳትም። ለማንም ጮክ ብላ አታነብም፣ ማንም በተሳሳተ ቃሏ አይስቅም፣ ማንም እሱን አምኖ ሊማሊሞን አይወርድም። አልፈርድባትም፤ እንዲያውም ደግ ነው። ግን ሳያት ከወንበሬ ብድግ ብድግ ያሰኘኛል፤ አባቴ እሳት ዳር ሆኖ «በይ እስቲ አንብቢልኝ» ሲል የነበረውን ያን ጆሮ ከየት አመጣላታለሁ? ከዚያ ወዲህ ስንት መጽሐፍ አነበብኩ፣ ስንት ቃል አወቅሁ፤ እንደዚያ ልቡን ሰጥቶ የሰማኝ ግን አላገኘሁም።

አባቴ የተቀበረው ደባርቅ ነው። ካህናቱ ፍትሐቱን ጨርሰው፣ አፈሩ ተመልሶ፣ ሰው መበተን ሲጀምር አያ ንጉሤ በከዘራ እያነከሰ መጣ። በሌላኛው እጁ አንድ ድንጋይ ይዟል። ጎንበስ ብሎ ድንጋዩን ከመቃብሩ ግርጌ ሸጎጠው፤ በተረከዙ ረገጥ ረገጥ አድርጎ አጠበቀው። ቀና ሲል ጮክ ማለት አልቻለም፣ ድምፁ ደክሟል።

«በል ወንድሜ፣ ልቀቀው» አለ። «ገብቷል።»

አባቴ እንዳረፈ ያመንኩት ያኔ ነው። እኔ ግን ያ ሽታ በመጣ ቁጥር አሁንም እነሣለሁ።