እርጥበት ያልወደደው እንግዳ

ወለላ መርስዔ ኀዘን ፋሲሎ በተባለው ሰፈር ባለ አንድ ኮሌጅ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ታስተምራለች። ስትራመድም ስትናገርም ፈጣን ናት፤ ሳቋ ከኮሪደሩ ማዶ ይሰማል። አባቷ መሪጌታ መርስዔ ኀዘን ዕድሜያቸውን ሙሉ ከጣና ደሴቶች በአንዱ ቅኔ ያስተማሩ ሰው ናቸው። ልጃቸው ግን ገና በትንሽነቷ ከሰል ለምን ይጠቁራል፣ ጠጅስ ለምን ይኮመጥጣል እያለች መግቢያ መውጫ ታሳጣቸው ነበር።

ከምታስተምረው ሁሉ አብልጣ የምትወደው የካርቦኒልን ምዕራፍ ነው። በካርቦኒል ውስጥ ካርቦንና ኦክሲጅን በጥንድ ትስስር ተያይዘዋል። ኦክሲጅኑ ግን ስስታም ነው፤ የጋራቸውን ኤሌክትሮን ወደ ራሱ ይስባል፣ ካርቦኑም ጎድሎበት ይቀራል። ታዲያ የሚያካፍለው ኤሌክትሮን ያለው እንግዳ ሲመጣ ከካርቦኑ ጋር ይጣበቃል። እንግዳውን ኑክሊዮፋይል ይሉታል።

ባለፈው ክረምት ያስተማረቻቸው ከየወረዳው የመጡ መምህራን ነበሩ። ይህን ነገር በዓይናቸው እንዲያዩት በየቡድናቸው ከማግኒዥየም ብርቱ ኑክሊዮፋይል ሊሠሩ ተነሡ። ይሁንና ማግኒዥየሙ ኢተር በሚባለው ፈሳሽ ውስጥ እንደ ወንዝ ጠጠር ቁጭ አለ። በሳምንቱ ደገሙት፤ ያው ሆነ። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ አቶ አንዳርጋቸው ደግ ሰው ናቸውና፣ ዘንድሮ በቪዲዮ አሳይተሽ እለፊው ብለው መከሯት። እሷ ግን አንድ ዓርብ ብቻ ለመነቻቸው።

ጥፋቱ የውሃ እንደሆነ ጠርጥራለች። ያ ኑክሊዮፋይል ውሃ ካገኘ ካርቦኒሉን ሳያይ ከውሃው ጋር ተጋጭቶ ያልቃል፤ ከነጭራሹ ሳይፈጠርም ሊቀር ይችላል። የኢተሩ ጠርሙስ ደግሞ በዚያ ዝናብ ሲከፈትና ሲዘጋ ከርሟል። ስለዚህ አዲስ ጠርሙስ አስመጣች፤ ብልቃጡን ሁሉ ማድረቂያ ምድጃ ውስጥ አሳደረች፤ አየር መግቢያውንም እርጥበት በሚመጥ ጨው ደፈነች።

የዚያን ዓርብ ዕለት ከአባቷ ጋር ወደ እንፍራንዝ ሊሄዱ ተቀጣጥረው ነበር፤ በማግስቱ የወንድሟ ልጅ ክርስትና ትነሣለች። መሪጌታ ጃንጥላቸውን ይዘው ኮሪደር ላይ ተቀመጡ። ውስጥ ግን ማግኒዥየሙ ዛሬም ዝም አለ። ወለላ እንዲቀሰቅሰው አንዲት ቅንጣት አዮዲን ጣል አደረገችና ጠበቀች። ቡናማው ቀለም ቀስ በቀስ ጠፋ፤ ፈሳሹ ደፈረሰ፤ ከማግኒዥየሙ ላይ አረፋ ይነሣ ጀመር።

"መምህርት፣ እሳት ሳይነካው ፈላ እኮ" አለ ክንዱ፣ ከደንበጫ የመጣው ጎልማሳ ተማሪዋ።

የተማሪዎቹ ጭብጨባ ሲሰማ መሪጌታ ብቅ አሉ። ወለላ ከበሩ ሳያልፉ እንዲቆሙ አድርጋ የሆነውን ሁሉ አስረዳቻቸው። እሳቸውም ጠየቋት።

"እንግዳው ካርቦኑን ሲይዝ ያ ስስታም ምን ይሆናል?"

ወለላ ደነቃት፤ ይህን ጥያቄ ገና ከተማሪዎቿ አልሰማችም። "የሰበሰበውን ይዞ ይቀመጣል፣ አባባ። ኋላ አሲድ ስንጨምርበት ሃይድሮጅን ያገኝና አልኮል ይሆናል።"

"አልኮል? አረቄ ቤት ነዋ ያመጣሽኝ።"

ተማሪዎቹ በሳቅ ፈረሱ። እሷም የሚጠጣ እንዳልሆነ ለማስረዳት ብዙ ደከመች።

ካርቦኒሉ፣ ቀጥሎም አሲዱ ተጨምሮ፣ ተጣርቶ፣ አልኮሉ ነጭ ብናኝ ሆኖ ወረቀት ላይ እስኪወጣ የእንፍራንዙ መኪና ሄዶ ነበር። የአንዱ ቡድን ምርት ጥፍር አይሞላም፤ የሌላው ጨርሶ አልሆነም። የነክንዱ ግን ጥርት ያለ ነበር። አቶ አንዳርጋቸው መጥተው አዩትና ለሚመጣውም ክረምት ይቀጥል አሉ።

አባትና ልጅ በማግስቱ ማለዳ ተነሥተው እንፍራንዝ ሲደርሱ ሕፃኗ ተጠምቃ፣ ሰዉ ማዕድ ላይ ተቀምጧል። የወለላ ወንድም ተቆጣ።

"እኔ ነኝ ያስመሸኋት" አሉ መሪጌታ፣ ጋቢያቸውን እያስተካከሉ። "አንድ ነገር ሊገባኝ ምንም አልቀረኝም ነበርና ቆየሁ።"

ከዚያም ከካህናቱ መካከል ተቀምጠው፣ ሁለት ጣታቸውን አቆላልፈው፣ የካርቦኑንና የኦክሲጅኑን ነገር ይተርኩ ጀመር። ሲሳሳቱ ወለላ ከወዲያ ማዶ ሰማች፤ ግን አላረመቻቸውም።