የጥድ ፍቅፋቂ

ንፋስ መውጫ ትምህርት ቤት የአማርኛ መምህር በነበርኩበት ዘመን አንድ ግቢ አብሮኝ የሚኖር የሳይንስ መምህር ፈረንጅ ነበር። ከስማዳ ቆላ በጨርቅ ከረጢት ይዞ ያመጣት አንዲት ቡናማ እባብ ነበረችው፤ መርዝ የላትም። ፊቱ መስታወት የሆነ ሣጥን አሠርቶላት ከመማሪያ ክፍሉ ጥግ አስቀመጣት። ተማሪዎቹ ወደዷት። እኔም መጀመሪያ ብሸሻትም በኋላ ለመድኳት።

ፈረንጁ ለሦስት ሳምንት ሥልጠና ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ እባቧን አደራ ሰጠኝ። ሥራው ቀላል ነበር፤ ውኃዋን መቀየርና ከሥሯ የሚነጠፈው አሮጌ ጋዜጣ በቆሸሸ ቁጥር አውጥቶ ሌላ ማንጠፍ። "ሌላ ምንም ነገር እንዳታስገባ" ብሎኛል። አልሰማሁም ብዬ አልዋሽም፤ በደንብ ሰምቻለሁ።

አንድ ጠዋት የትምህርት ቤቱ ዘበኛ፣ የእስቴ ሰው የሆኑ ሽማግሌ፣ ወደ ሣጥኑ ጎንበስ አሉና ፊታቸው ተለወጠ።

"ኧረ መምህር! ጃንሆይ እኮ ናቸው ከሥሯ የተነጠፉት!"

እውነትም እባቧ በጃንሆይ ደረት ላይ ተጠምጥማ ተኝታለች። በዚያ ዘመን የጃንሆይ ሥዕል ባለበት ጋዜጣ እንኳን እባብ ሊተኛበት፣ በርበሬ ሲጠቀለልበትም ሰው ግራ ቀኝ ያያል። ጋዜጣውን ከሥሯ ስቤ አወጣሁትና ምድጃ ውስጥ ጨመርኩት። ማቃጠሉ ራሱ ሌላ ጥፋት መሆኑ ትዝ ያለኝ አመድ ከሆነ በኋላ ነው። ለማንም ላንናገር እኔና ሽማግሌው ተማማልን።

ከዚያ በኋላ ጽሑፍ ብቻ ያለበትን ገጽ መርጦ ማንጠፍ ይበቃ ነበር። ግን በዚያው ሳምንት የወላጆች ቀን ነበር፤ ከአውራጃም እንግዶች ይመጣሉ ተባለ። እኔ ደግሞ መታየት እወዳለሁ። ስለዚህ የሚያምር ንጣፍ ፍለጋ ገባሁ። ጭድ ሞከርኩ፤ አቧራው መስታወቱን ሸፈነው። የወንዝ አሸዋ አሰብኩ፤ በጋይንት ብርድ አሸዋ ላይ ማስተኛት ግፍ ሆኖ ታየኝ። ቄጤማም አሰብኩ፤ ውሎ ሲያድር ይሻግታል። በመጨረሻ የቤተ ክርስቲያን በር ከሚሠራ አናጢ ዘንድ የጥድ ፍቅፋቂ ተከምሮ አየሁ። ቀላ ያለ፣ ጥቅልል ጥቅልል ያለ፣ ሽታው ከሩቅ የሚጣራ ነው። ዘበኛው አንድ ጆንያ ሙሉ ተሸክመው አመጡልኝ።

"ጥድ ከልብስ ሣጥን የሚጨመረው ብል እንዲያባርር ነው" አሉኝ ጆንያውን እያወረዱ። "ለዚችስ ይስማማታል?"

"እባብ ብል ናት እንዴ?" ብዬ ሳቅሁባቸው።

በወላጆች ቀን እንግዶቹ ሣጥኑን ከበው አደነቁ። ዲሬክተሩም ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። በሦስተኛው ቀን እባቧ ራሷን ወደ ላይ አንጋጣ፣ አፏን ከፍታ ስትተነፍስ አየኋት። ደህና እንዳልሆነች ገብቶኛል። ሰው ግን ገና ሊያያት እየመጣ ነበርና ፍቅፋቂውን አላወጣሁትም። በሳምንቱ ሞታ አገኘናት።

ፈረንጁ ሲመለስ ሣጥኑን ከፈተ፤ ከፍቅፋቂው አንድ እፍኝ ዘግኖ አሸተተና ፊቱ ቀላ። የጥዱ ሽታ እንደገደላት ወዲያው አወቀ። "ይህ የማን ሐሳብ ነው?" አለ። ዲሬክተሩም፣ ዘበኛውም፣ እኔም ፊቱ ቆመናል።

"የዘበኛው ነው" አልኩ። "ወረቀቱ ይውጣ ያሉኝም፣ ጥድ ይስማማታል ያሉኝም እሳቸው ናቸው።"

ማንም አላስገደደኝም። ይኸው ዛሬም ይህን ስጽፍ ጆሮዬ ይግላል።

ዲሬክተሩ ወደ ሽማግሌው ዞረው፣ "ወረቀቱ ምን አደረገዎትና ነው ያስወጡት?" አሏቸው። ሽማግሌው እኔን አዩኝ፤ ከዚያ አቀረቀሩ። "አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በሉኝ" ብቻ አሉ። ዲሬክተሩ ፈረንጁን ደስ ለማሰኘት ሲሉ እዚያው ከሥራ አሰናበቷቸው። ፈረንጁም ስለ ጠበቅህልኝ አመሰግናለሁ ብሎ እጁን ዘረጋልኝ። ጨበጥኩት።

በማግሥቱ ማለዳ ሽማግሌው ጓዛቸውን በዱላቸው አንጠልጥለው፣ ወደ እስቴ ከመሄዳቸው በፊት ቤቴ መጡ። ሊረግሙኝ መስሎኝ በሩን ቶሎ አልከፈትኩም።

"አይዞዎት፣ መምህር" አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ወረቀቱን ለምን አስወጡት ሲሉኝ የጃንሆይን ነገር ባነሣ እርስዎን እንደሚያሥሩዎት ገባኝ። እርስዎም ያንኑ ፈርተው በእኔ እንዳላከኩ አውቄያለሁ። ገና ልጅ ነዎት፤ የሚጠብቁዎት እናት አሉዎት። እኔ እንደሆነ ወደ እርሻዬ እመለሳለሁ።"

ያንን ፈርቼ አልነበረም። የጋዜጣው ነገር በዚያች ሰዓት ትዝም አላለኝ። የፈራሁት ፈረንጁ አላዋቂ ነህ እንዳይለኝ ብቻ ነበር። ይህንን ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ።

"እውነትዎን ነው፣ አባባ፣ ያንን ፈርቼ ነው" አልኳቸው።

መረቁኝና ሄዱ።